በአንድ ሞተር ሳይክል ለሁለት፦ ከትሪየስቴ እስከ ኮቶር የባሕር ዳርቻ ጉዞ የአሠራር መመሪያ

የአውሮፓ ብርድ ለቀቅ ማድረግ ሲጀምር በጀርመን፣ በጣሊያንና በስዊዘርላንድ ከሚኖሩ ወዳጆቼ የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሁለት ሆነን በአንድ ሞተር የአድሪያቲክን የባሕር ዳርቻ መውረድ እንችላለን ወይ? ስንት ቀን ይፈጃል? ምን ምን እንያዝ?» ለእያንዳንዱ ለብቻው ከመመለስ ይልቅ መልሱን በቅደም ተከተል እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

መንገዱ ከጣሊያኗ ትሪየስቴ ተነሥቶ፣ ጥቂት የስሎቬኒያ መሬት አቋርጦ፣ ከሪየካ ጀምሮ ዲ-8 በሚባለው የክሮኤሺያ አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ የአገሩ ሰዎች ይህን ጎዳና ያድራንስካ ማጊስትራላ ይሉታል። ዱብሮቭኒክን ካለፈ በኋላ ወደ ሞንቴኔግሮ ገብቶ በኮቶር ባሕረ ሰላጤ ያበቃል። ጠቅላላ ርቀቱ ከ750 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

መመሪያው የተጻፈው ለሞተሩ የሚመጥን መንጃ ፈቃድ ላለውና ሰው አፈናጥጦ መንዳትን ለለመደ አሽከርካሪ ነው። አሽከርካሪው ሚስትም ትሁን ባል ለውጥ የለውም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተመሠረተው ግን በአንድ ነገር ላይ ነው፤ የቀኑ ርቀት፣ ፍጥነቱና የእረፍቱ ብዛት የሚወሰነው ከኋላ በተቀመጠው ሰው አቅም ነው። አሽከርካሪው ኩርባውን ቀድሞ ያየዋል፣ መሪውንም ፍሬኑንም ይዟል፤ ተፈናጣጩ ግን የሚመጣውን ሳያይ ስለሚቀበለው ቶሎ የሚደክመው እርሱ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሰነድ፦
- መንጃ ፈቃድ፣ የሞተሩ ሊብሬ፣ የኢንሹራንስ ወረቀትና ለውጭ አገር ጉዞ የሚያገለግለው የኢንሹራንስ ማስረጃ፣ ግሪን ካርድ
- ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ (ሁለቱም በአካል እንጂ በስልክ ፎቶ አይሆንም)
- የአውሮፓ የጤና መድን ካርድ፣ ለሞንቴኔግሮ ደግሞ የጉዞ የጤና ኢንሹራንስ
- ሞተሩ የኪራይ ወይም የሌላ ሰው ከሆነ፣ ድንበር ለማቋረጥ ባለቤቱ የሰጠው የጽሑፍ ፈቃድ

ለእያንዳንዳችሁ፦
- የአውሮፓን ደረጃ ምልክት የያዘ ሄልሜት፣ መከላከያ ያለው ጃኬትና ሱሪ፣ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ
- ከላይ የሚደረብ የዝናብ ልብስ፣ የጆሮ መድፈኛ፣ የአንገት ጨርቅ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ

ለሞተሩ፦
- የጎማ ነፋስ መለኪያ፣ ትንሽ መንፊያ፣ ለጎማችሁ ዓይነት የሚሆን የመጠገኛ ዕቃ
- የካቴና ዘይትና ብሩሽ፣ የሞተሩ የመፍቻ ስብስብ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ናስትሮ
- ሁለት የዕቃ ማሰሪያ ቀበቶዎች
- ከጎን መቆሚያው ሥር የሚደረግ ጠፍጣፋ ሳህን ወይም ቁራጭ ጣውላ፤ በበጋ ሙቀት የላላ አስፋልትና ጠጠር መሬት መቆሚያውን ስለሚውጡት ሞተሩ ቆሞ ሳለ ሊወድቅ ይችላል።

ካላማዳሪ ያለውና የሌለው ጎማ የሚጠገኑት በተለያየ ዕቃ ስለሆነ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የናንተ የትኛው እንደሆነ ጎሚስታውን ጠይቁ።

ደረጃ 1፦ ወቅቱን ምረጡ

ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ አጋማሽ፣ ወይም መስከረም ውስጥ ውጡ፤ ሁለቱም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከካራቫን (በመኪና ከሚጎተት የጉዞ ቤት) ጀርባ ለሚያዘግም ሰው ከባድ ነው፤ የማደሪያ ዋጋም ይወደዳል። በክረምት ደግሞ በደረጃ 9 የምገልጸው ነፋስ ይበረታል።

በነሐሴ ብቻ ፈቃድ የሚያገኝ ሰው ከንጋት 12 ሰዓት ተነሥቶ ከቀትር በፊት ማደሪያው መግባት አለበት። ወሩ ከፍልሰታ ጋር ስለሚገጥም የሚጾሙ ጥንዶች አስቀድመው ሊመክሩበት ይገባል። ውኃ ሳይጠጡ በዚያ ሙቀት መንዳት የአሽከርካሪውን ትኩረት፣ የተፈናጣጩንም ሚዛን ያሳጣል፤ ስለዚህ እስከ ሰዓት የሚጾም ሰው በዚያ ቀን ባይነዳ ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ሰነዳችሁን ከድንበሩ አንጻር መርምሩ

ጣሊያን፣ ስሎቬኒያና ክሮኤሺያ በሸንገን ክልል ውስጥ ናቸው፤ ክሮኤሺያ ወደ ሸንገን የገባችውም ዩሮን የተቀበለችውም በ2023 መጀመሪያ ነው። ሞንቴኔግሮና ቦስኒያ ግን ከክልሉ ውጭ ናቸው። ሞንቴኔግሮ በዩሮ መገበያየቷ ብዙ ሰው የአውሮፓ ኅብረት አባል እንድትመስለው ያደርገዋል፤ አይደለችም።

ይህ በተለይ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ባለቤቶች ትልቅ ነገር ነው። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ከኢትዮጵያ ወይም ከዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ በተሰጠ የሸንገን ቪዛ የመጣችሁ ከሆነ፣ ወደ ሞንቴኔግሮ መውጣት ቪዛውን ይጨርሰዋል፤ ተመልሶ ወደ ክሮኤሺያ መግባት አይቻልም። እንዲህ ከሆነ ጉዞው ዱብሮቭኒክ ላይ ይብቃ። የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁም፣ በተለይም በስደተኛ የጉዞ ሰነድ የምትንቀሳቀሱ፣ ለያዛችሁት ሰነድ መግቢያ እንደሚሰጥ ከሞንቴኔግሮ ኤምባሲ በጽሑፍ አረጋግጡ።

ግሪን ካርዱን ስትቀበሉ የአገሮቹን ምልክት ተመልከቱ። የሞንቴኔግሮ ወይም የቦስኒያ ምልክት ተሰርዞ ከሆነ ኢንሹራንሳችሁ እዚያ አይሠራም፤ ድንበሩ ላይ ሌላ መግዛት ይኖርባችኋል።

ደረጃ 3፦ ክብደቱን በወረቀት ላይ አስሉ

ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ የተፈቀደ ክብደት ላይ ነዳጅ የሞላውን ሞተር ክብደት ስትቀንሱ የመጫን አቅሙ ይገኛል። ለምሳሌ ከፍተኛው 450፣ የሞተሩ 230 ኪሎ ቢሆን 220 ኪሎ ይቀራል። አሽከርካሪው ከነልብሱ 88፣ ተፈናጣጩ 70 ኪሎ ቢሆኑ ከዚያ ላይ 158 ይወጣና 62 ይቀራል። ሦስት ባዶ ሳጥኖችና መያዣ ብረታቸው ብቻ 20 ኪሎ ቢመዝኑ ለልብስ፣ ለመፍቻና ለውኃ የሚተርፈው 42 ኪሎ ነው።

ይህ ስሌት ወረቀት ላይ ካልወጣ ሰው ሁሉ አቅሙን አብዝቶ ይገምታል፤ ሞተሩ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሰው ብቻውን አቅሙን ሊጨርሰው ይችላል። ከልክ በላይ የተጫነ ሞተር ፍሬን ይዞ እስኪቆም ርቀቱ ይረዝማል፣ ጎማው ይግላል፣ አደጋ ከደረሰም ኢንሹራንሱ ጥያቄ ያነሣል።

ደረጃ 4፦ ሞተሩን ለሁለት ሰው አስተካክሉ

ለብቻ ሲነዳ ልክ የነበረ ሞተር ለሁለት ልክ አይሆንም። በዚህ ቅደም ተከተል አስተካክሉ፤ የአንዱ ለውጥ ሌላውን ስለሚነካ ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ።

ሀ) የኋላ ሞላ። የኋላ ጎማው ከመሬት እንዲነሣ ሞተሩን አቁሙና ከጎማው መሐል ቀጥ ብሎ እስከ መቀመጫው ሥር ያለውን ርቀት ለኩ። ከዚያ ሁለታችሁም ሙሉ ልብስ ለብሳችሁ፣ ሳጥኑም ተጭኖ ተቀመጡና ሌላ ሰው እንደገና ይለካ። በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለው ልዩነት ሞላው በጠቅላላ ከሚንቀሳቀስበት ርቀት ሲሶ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ከበለጠ ሞላውን አጥብቁት። ኋላው የተቀመጠ ሞተር ፊቱ ይቀልላል፤ ፊቱ የቀለለ ሞተር ኩርባ ላይ እሺ ብሎ አይታጠፍም፤ ዲ-8 ደግሞ ከኩርባ በቀር ብዙም ሌላ ነገር የለውም።

ለ) የጎማ ነፋስ። ለሁለት ሰውና ለጭነት የተጻፈውን መጠን ከመመሪያ መጽሐፉ ወይም ከካቴናው አጠገብ ካለው ምልክት አንብቡ፤ የብዙ የጉዞ ሞተሮች የፊት 2.5፣ የኋላ 2.9 ባር ያህል ነው። የምትለኩት ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ መሆን አለበት፤ ተነድቶ የጋለ ጎማ ከእውነተኛው በላይ ያሳያል፣ ያን አይቶ ነፋስ የሚቀንስ ሰውም በጎደለ ጎማ ይነዳል። በጎማው ጎን ያሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። ጥርሱ ሕጉ ወደሚፈቅደው ዝቅተኛ 1.6 ሚሊ ሜትር የተጠጋ ከሆነ ከመነሣታችሁ በፊት ቀይሩት።

ሐ) ካቴና። ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ ሳለ መላላቱን ሌላ ሰው ይፈትሽ። ክብደቱ ሲጫን ካቴናው ይወጠራል፤ ባዶውን ልክ የመሰለው ሲጫን ገትሮ ኩሽኔታውን ይበላል። በጉዞው በየ500 ኪሎ ሜትሩ፣ ከዝናብ በኋላ ደግሞ ወዲያው፣ ካቴናው ትኩስ ሳለ ዘይት ቀቡት።

መ) የፊት መብራት። ኋላው ዝቅ ሲል መብራቱ ሽቅብ ያያል፤ የሚመጣውን ያሳውራል፣ የእናንተን መንገድ ግን አያሳይም። ማታ ከግድግዳ ፊት ቆማችሁ ዝቅ አድርጉት።

ደረጃ 5፦ ዕቃውን ጫኑ

ከባዱ ሁሉ (መፍቻ፣ ጫማ፣ ፈሳሽ) በጎን ሳጥኖቹ ታች፣ ወደ ተፈናጣጩ እግር ተጠግቶ ይቀመጥ፤ ሁለቱ ሳጥኖች በክብደት ተቀራራቢ ይሁኑ። በኋላ ሳጥን ውስጥ ቀላል ነገር ብቻ ይግባ፤ ብዙዎቹ ከ5 እስከ 10 ኪሎ በላይ አይፈቅዱም። ከኋላ ጎማ ጀርባ የተሰቀለ ክብደት ፊቱን እያነሣ በፍጥነት ላይ መሪው እንዲንቀጠቀጥ ያደርጋል። የዝናብ ልብሱ ከሁሉ በላይ ይሁን፤ የባሕሩ ዝናብ ድንገት ስለሚመጣ መንገድ ዳር ቆሞ ሳጥን መበርበሪያ ጊዜ አይገኝም።

ከሳምንት በላይ የሚሆን ልብስ አትያዙ። በመንገዱ ባሉት ከተሞች ሁሉ ልብስ ማጠብ ይቻላል፤ የባሕሩ ዳር አየርም በአንድ ሌሊት ያደርቀዋል።

ደረጃ 6፦ ሁለታችሁ ተለማመዱ

ይህን ደረጃ ዘልሎ የሚሄድ ሰው ይበዛል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የምለምነው ይህንኑ ነው። በሰፊ ባዶ የመኪና ማቆሚያ፣ ሳጥኖቹ ተጭነው፣ ተለማመዱ።

መውጣት፦ አሽከርካሪው ሞተሩን ቀጥ አድርጎ፣ ሁለት እግሮቹን መሬት ላይ አጽንቶ፣ የፊት ፍሬኑን ጨብጦ ይይዛል። ተፈናጣጩ በግራ በኩል ቀርቦ ትከሻውን ነክቶ «ልውጣ?» ይላል፤ «እሺ» ሳይባል መርገጫውን አይረግጥም። ከዚያ ግራ እግሩን መርገጫው ላይ አሳርፎ፣ ወደ ሞተሩ መሐል ተጠግቶ ቀኝ እግሩን ያሻግራል። ሲወርድም ያው ነው፤ ሳይናገር የሚወርድ ተፈናጣጭ አሽከርካሪው ያልጠበቀውን ክብደት ባንድ ጎን ይጥልበታል። የቆመ ሞተር በብዛት የሚወድቀው በዚህች ቅጽበት ነው።

ማቆም፦ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄዳችሁ ሁለቱንም ፍሬኖች ቀስ በቀስ አጥብቆ መቆምን ደጋግሙ። ፍሬን ሲያዝ የተፈናጣጩ ክብደት ወደ ፊት ስለሚገፋ፣ እጆቹን በአሽከርካሪው ወገብ በኩል አሳልፎ የነዳጅ ጋኑን ቢደገፍ ወይም የጎኑን እጀታ ቢይዝ፣ በጉልበቱም የአሽከርካሪውን ዳሌ ጠበቅ ቢያደርግ የሄልሜቶቹ መጋጨት ይቀራል። ሁለት ሰው ሲጫን የኋላ ፍሬኑ ለብቻ ከሚነዳበት ጊዜ የተሻለ ይይዛል፤ አሽከርካሪው ይህን አዲስ ስሜት በመለማመጃው ሜዳ ላይ ይወቀው።

መታጠፍ፦ ተፈናጣጩ ወደሚታጠፉበት አቅጣጫ በአሽከርካሪው ትከሻ ላይ አሻግሮ ይመልከት። ወደ ግራ ሲታጠፉ በግራ ትከሻ፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ በቀኝ ትከሻ ማየት ብቻ ይበቃል፤ ሰውነቱ በራሱ ትክክለኛውን ዘንበል ይይዛል። ፈርቶ ወደ ተቃራኒው የሚያዘነብል ተፈናጣጭ ሞተሩን ከኩርባው ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሲቆሙ እግሩን ወደ መሬት አይዘርጋ፤ ሚዛን የመጠበቁ ኃላፊነት የአንድ ሰው ነው።

ምልክት፦ የሄልሜት መነጋገሪያ ቢኖራችሁም ባትሪው ያልቃልና በእጅ ተግባቡ። ትከሻን አንዴ መንካት «ቀስ በል»፣ ሁለቴ «በሚቀጥለው ምቹ ቦታ ቁም»፣ ደጋግሞ መንካት «አሁኑኑ ቁም» ይሁን። «ቀስ በል» ሲባል አሽከርካሪው ምክንያት ሳይጠይቅ ይቀንስ፤ ክርክሩ ከቆማችሁ በኋላ ይደርሳል። አንዴ ችላ የተባለ ምልክት ተፈናጣጩን ለቀሪው መንገድ ሁሉ ስጋት ላይ ይጥለዋል።

ደረጃ 7፦ መንገዱን በቀን ከፋፍሉ

በዲ-8 ላይ፣ በኩርባውና በየመንደሩ በሚያልፈው መንገድ የተነሣ፣ በሰዓት ከ50 እስከ 60 ኪሎ ሜትር በላይ አማካይ ፍጥነት አትጠብቁ። በቀን ከ90 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ይበቃችኋል።

- ቀን 1፦ ትሪየስቴ – ሪየካ – ሴን፤ 145 ኪሎ ሜትር ገደማ። የስሎቬኒያ ፈጣን መንገድ ለሞተርም ቪንየት (የመንገድ ክፍያ ማረጋገጫ) ይጠይቃል፤ በፔሴክ ወጥታችሁ በኮዚናና በስታሮድ በሚሄደው ተራ መንገድ ከሄዳችሁ ግን አያስፈልግም።
- ቀን 2፦ ሴን – ካርሎባግ – ዛዳር፤ 160 ገደማ። ከቬሌቢት ተራራ ሥር የሚሄደው ይህ ክፍል ከሁሉ የሚያምረውም ከሁሉ ጥንቃቄ የሚሻውም ነው። ነዳጅ ማደያው ስለሚራራቅ ሴን ላይ ሙሉ።
- ቀን 3፦ ዛዳር – ሺቤኒክ – ትሮጊር፤ 135 ገደማ።
- ቀን 4፦ ትሮጊር – ስፕሊት – ማካርስካ፤ 90 ገደማ። ቀኑ አጭር የሆነው ስፕሊት ከተማ ውስጥ ያለው መጨናነቅ ጊዜ ስለሚበላና ከሰዓት በኋላ ባሕር መግባት ስለሚገባችሁ ነው።
- ቀን 5፦ ማካርስካ – የፔልዬሻትስ ድልድይ – ስቶን – ዱብሮቭኒክ፤ 150 ገደማ።
- ቀን 6፦ እረፍት። ሞተሩ አይነሣም።
- ቀን 7፦ ዱብሮቭኒክ – ሄርሴግ ኖቪ – ፔራስት – ኮቶር፤ 90 ገደማ።

በቀን 5 ምርጫ አለ። የቦስኒያዋ ኔኡም የክሮኤሺያን የባሕር ዳርቻ ለሁለት ትከፍላለች፤ በእርሷ በኩል ካለፋችሁ ሁለት ጊዜ ድንበር ላይ ትፈተሻላችሁ። በ2022 የተከፈተው የፔልዬሻትስ ድልድይ ይህን ያስቀራል፤ ክፍያም የለውም። ከእርሱ በፊት በኔሬትቫ ወንዝ ሜዳ የመንገድ ዳር ፍራፍሬ ሻጮች ተደርድረዋል፤ መኪኖች ለሐብሐብና ለበለስ ብለው ድንገት ፍሬን ስለሚይዙ እዚያ ርቀታችሁን ጠብቁ፤ ከዚያም እናንተም ቆማችሁ ግዙ።

ደረጃ 8፦ በኩርባው ላይ እንዴት እንደሚነዳ

ወደ ደቡብ ስትወርዱ ባሕሩ በቀኛችሁ፣ የምትሄዱበትም መስመር በባሕሩ በኩል ነው፤ ስለዚህ ወደ መመልከቻ ቦታዎች ለመውጣት የሚመጣውን መኪና ማቋረጥ የለባችሁም። ከሰሜን ወደ ደቡብ እንድትሄዱ የምመክረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ፍጥነት የሚቀነሰው ከኩርባው በፊት ነው፤ ኩርባው ውስጥ ፍሬን መያዝ ሞተሩን ያቃናዋል፣ ተፈናጣጩንም ወደ ፊት ይወረውረዋል። ቤንዚን አሰጣጡም ማርሽ አቀያየሩም ለስላሳ ይሁን።

ማስጠንቀቂያ፦ የዚህ አካባቢ አስፋልት በብዛት በኖራ ድንጋይ ጠጠር የተሠራ ስለሆነ ከብዙ ዓመት ጎማ በኋላ እንደ መስተዋት ይለሰልሳል፤ በተለይ ኩርባና የከተማ አደባባይ ላይ የሚያብለጨልጭ መንገድ ስታዩ ደረቅም ቢሆን ቀንሱ። ከደረቅ ሳምንታት በኋላ የሚጥል የመጀመሪያ ዝናብ ደግሞ አቧራውንና ዘይቱን አላቁጦ ያንሸራትታል። ሲጀምር ቡና ጠጡ፤ ግማሽ ሰዓት ሲዘንብ መንገዱ ይታጠባል።

ካራቫን ደርቦ ማለፍ ለብቻ እንደምትነዱበት ጊዜ አይሆንም፤ ሞተሩ ፍጥነት ለመጨመር ይዘገያል። ሙሉ መንገዱ የማይታይ ከሆነ ከኋላው ቆዩ።

ደረጃ 9፦ ነፋሱን ሳታዩ አትነሡ

ቡራ የሚባለው ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከተራራው ላይ ወደ ባሕሩ እየተወረወረ የሚወርድ ነው። በሴንና በማስሌኒትሳ ድልድይ አካባቢ ምቱ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ቀን አለ። በክረምት ይበረታል እንጂ በሌላው ወቅትም ይመጣል። ከሌላው ነፋስ የሚለየው በምቱ ነው፤ ጸጥ ብሎ ቆይቶ ከሸለቆ አፍ፣ ከዋሻ መውጫና ከድልድይ ላይ ድንገት በጎን ይመታል። ሁለት ሰውና ሦስት ሳጥን የተጫነ ሞተር ደግሞ ለነፋስ ሰፊ ግድግዳ ነው።

እንዲህ አድርጉ፦

ሀ) በየማታውና በየጠዋቱ የክሮኤሺያ የአውቶሞቢል ክለብ፣ ማለትም ሃክ፣ የሚያወጣውን የመንገድ ሁኔታ በስልካችሁ ተመልከቱ። መንገድ በነፋስ ሲዘጋ አስቀድሞ ከሚከለከሉት መካከል ሞተር ሳይክልና ካራቫን ናቸው።

ለ) ተራራውን ተመልከቱ። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በቬሌቢት ጫፍ ላይ ብቻ ነጭ ደመና እንደ ቆብ ተደፍቶ ከዋለና ባሕሩ ከዳርቻው ወደ ውስጥ በነጭ አረፋ ከተሸፈነ ቡራ መጥቷል ወይም እየመጣ ነው።

ሐ) መንገድ ላይ ከያዛችሁ ፍጥነት ቀንሱ፤ አሽከርካሪው ክንዶቹን አላልቶ በጉልበቱ ጋኑን ይያዝ፣ ተፈናጣጩም ዝቅ ብሎ ከጀርባው ይጠጋ። ወደ ደቡብ ስትሄዱ ነፋሱ ከግራ መጥቶ ወደ ባሕሩ ጠርዝ ስለሚገፋ በመስመራችሁ ግራ ግማሽ ሂዱ። ወደ ሰሜን ስትመለሱ ግን የሚገፋው ወደሚመጣው መኪና ነውና በቀኝ ግማሽ ሁኑ።

መ) መንገዱ ከተዘጋ ማደሪያችሁን አራዝሙ። ቡራ ለቀናት ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ በዕቅዱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ባዶ ቀን አስቀሩ፣ የማደሪያ ክፍያችሁም የሚመለስ ይሁን። ቀድሞ በተከፈለ ክፍል ምክንያት ወደ ነፋስ መውጣት አይገባም።

ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ዩጎ ሙቅና እርጥብ ነው፤ ዝናብና ማዕበል ያመጣል፣ የመርከብ ጉዞንም ያስተጓጉላል፤ ምቱ ግን እንደ ቡራ ድንገተኛ አይደለም።

ደረጃ 10፦ እረፍት፣ ውኃና ምግብ

በየሰዓቱ፣ ቢበዛ በየሰዓት ተኩሉ ቁሙ። መቆም ማለት መውረድ፣ ሄልሜት ማውለቅና ጥቂት መራመድ ነው። ተፈናጣጩ ወገቡን ወይም ጉልበቱን ማንቀሳቀስ ካበዛ ሰዓቱ ሳይሞላም ቁሙ። የቧንቧው ውኃ የሚጠጣ ስለሆነ ጠርሙሳችሁን በየቡና ቤቱ ሙሉ። ለጾም ቀን የሚሆን ምግብ መፈለግ አያስቸግርም፤ ብሊትቫ የሚሉት በድንችና በነጭ ሽንኩርት፣ በወይራ ዘይት የሚሠራ ቆስጣ በየምግብ ቤቱ አለ። ሕጉ የሚፈቅደው የአልኮል መጠን ምንም ይሁን፣ ማታ እስክትቆሙ ድረስ አሽከርካሪው የወይን ጠጅ አይቅመስ።

ደረጃ 11፦ ሞንቴኔግሮና የኮቶር ባሕረ ሰላጤ

ድንበሩ ላይ በበጋ ሰልፍ አለና በጠዋት ድረሱ። ስልካችሁ በአውሮፓ ኅብረት የሚሠራበት ዋጋ እዚያ ላይሠራ ስለሚችል ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ። በባሕረ ሰላጤው ስትሄዱ በሪሳንና በፔራስት በኩል ዙሩ፤ ስትመለሱ ደግሞ ከሌፔታኔ ወደ ካሜናሪ በምታሻግረው አጭር ጀልባ መቁረጥ ትችላላችሁ። የጀልባው ወለል እርጥብ ብረት ነው፤ ተፈናጣጩ ወርዶ በእግሩ ይግባ፣ አሽከርካሪው ሞተሩን ማርሽ ውስጥ አስገብቶ ከአጠገቡ ይቁም። የዱብሮቭኒክም የኮቶርም አሮጌ ከተሞች ለተሽከርካሪ ዝግ ስለሆኑ ማደሪያ ስትይዙ ሞተሩ የት እንደሚያድር ጠይቁ።

በተደጋጋሚ የሚታዩ ስሕተቶች

- የመጀመሪያውን ቀን ማርዘም። ከሙኒክ ወይም ከዙሪክ በአንድ ቀን ትሪየስቴ ገብቶ በማግሥቱ ዲ-8 ላይ መውጣት ተፈናጣጩን ገና ከመነሻው ያደክመዋል። ትሪየስቴ ላይ አንድ ቀን እረፉ።
- አዲስ ጫማና አዲስ ሄልሜት ለጉዞው መክፈት። ግንባር የሚጫን ሄልሜት ከሁለት ሰዓት በኋላ ራስ ያዞራል፤ አስቀድማችሁ ቤት አካባቢ ልበሱት።
- በሙቀት ምክንያት ጃኬት አውልቆ መንዳት። አየር የሚያስገባ ጃኬት ግዙ፤ ከሥሩ ያለውን ልብስ ብታርሱት ያቀዘቅዛል።
- ለተፈናጣጩ ርካሹን ልብስ መግዛት። አስፋልቱ ሁለቱንም እኩል ይልጣል።
- ብሎኖችን አለመፈተሽ። የሳጥን መያዣዎች በንዝረት ይላላሉ፤ ሁለት ቀን በነዳችሁ ቁጥር አጥብቁ።

ብልሽት ቢገጥማችሁ ክሮኤሺያ ውስጥ የመንገድ ላይ እርዳታ በ1987 ይጠራል፤ ለአደጋ 112 ነው። ከኩርባ ላይ ሞተሩን ከማንሣታችሁ በፊት አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሳችሁ ከመንገዱ ውጡ።

ደረጃ 12፦ መመለሻውን ከመነሣታችሁ በፊት ወስኑ

በዚያው መንገድ መመለስ የማትፈልጉ ከሆነ ከስፕሊት ወደ አንኮና፣ ከዱብሮቭኒክ ወደ ባሪ የሚሻገሩ መርከቦች አሉ፤ እንደ ወቅቱ ጉዟቸው ስለሚለያይ ቀኑን ከትኬቱ ጋር አረጋግጡ። ትኬቱ ላይ የሞተሩ ሰሌዳ በትክክል ይጻፍ። የተሽከርካሪ ወለሉ መርከቡ ከተነሣ በኋላ ስለሚዘጋ ለሌሊቱ የሚያስፈልገውን ልብስ፣ መድኃኒትና ሰነድ በአንድ ትንሽ ቦርሳ ለይታችሁ ያዙ። ሞተሩን በጎን መቆሚያው አቁሙ፣ አንደኛ ማርሽ ውስጥ አስገቡ፣ ቀበቶውን መቀመጫው ላይ ጨርቅ አንጥፋችሁ ወደ ታች አጥብቁ፤ የመርከቡ ሠራተኞች ቢያስሩትም ከመውጣታችሁ በፊት ራሳችሁ ወዝውዛችሁ ፈትሹት። ሲነጋም ተፈናጣጩ ከመርከቡ በእግሩ ወርዶ ውጭ ይጠብቅ።